ከአኩራፊ ጋር ሶፋ መሥራት

ባሌ ሲያኮርፍ በር አያጋጭም፣ ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ ሳህን አይሰብርም። «እሺ» ይላል። በቃ። ያቺን «እሺ» ብሎ አፉን ይለጉማል፤ ከዚያ በኋላ ከእሱ ቃል ማውጣት ከድንጋይ ውሃ መጭመቅ ነው። ሌላ ሴት ብትሆን ባሏ ዝም ሲልላት ደስ ይላት ይሆናል። እኔ ግን ካላወራሁ የምታመም ሰው ነኝ። ብቻዬን ስሆን እንኳን ከስፌት ማሽኑ ጋር እጨቃጨቃለሁ።

ሁለታችንም ሶፋ ሠሪዎች ነን። ቤታችንና ሥራችን አንድ ጣሪያ ሥር ነው። መንገድ ዳር ያለው ክፍል የእሱ ነው፤ እዚያ እንጨቱን ያቆማል፣ ስፖንጁን ይቆርጣል፣ ጨርቁን ወጥሮ በምስማር ይመታል። ቀጥሎ ያለው ክፍል የእኔ ነው፤ እኔ ጨርቅ እቆርጣለሁ፣ እሰፋለሁ። በመካከላችን ያለው መጋረጃ ብቻ ነው። ከእኔ ክፍል ኋላ ኩሽናችንና መኝታ ቤታችን አለ። ስለዚህ እንደ ሌላው ባልና ሚስት ስንጣላ አንዱ ወደ ቢሮ፣ ሌላው ወደ ገበያ ሄዶ በርዶለት የሚመለስበት መንገድ የለንም። ተኮራርፈንም አንድ ሶፋ ላይ እንውላለን።

ጨርቅ መወጠር ደግሞ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ይስባል፣ አንዱ ይመታል፤ «ሳብ» እና «ልቀቅ» የሚል አፍ ያስፈልጋል። እሱ ሲያኮርፍ በመዶሻው እጀታ እንጨቱን ይቆረቁራል። አንዴ ከቆረቆረ ሳቢ፣ ደጋግሞ ከቆረቆረ ልቀቂ ማለቱ ነው። ትዳር ውስጥ ገብቼ የተማርኩት አዲስ ቋንቋ ይኸው ነው።

ከየት አመጣው ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ከአባቱ ቤት ነው ያመጣው። አባቱ አናጢ ነበሩ፣ እጃቸው ወርቅ፣ አፋቸው ቁልፍ። እሳቸው ቤት ቅር ያለው ሰው አይናገርም፣ ያኮርፋል፤ መልእክት ካለው በሦስተኛ ሰው ይልካል። ልጃቸው ክርናቸው ሥር ተቀምጦ እያለ ለሚስታቸው «ልጅሽን ጨው ያቀብለኝ በይው» ይሉ ነበር አሉ። እናትየዋ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፖስታ ቤት ሆነው ኖሩ። ባሌ የእንጨት ሥራውን ትቶ ወደ ሶፋ ሲዞር አባት አኮረፉ። ልጅም መልሶ አኮረፈ። እንደተኮራረፉ ሽማግሌው ታመው ሞቱ። ይህንን የሰማሁት ከእናቱ ነው፤ እሱማ የአባቱ ስም ሲነሳ ሜትር ጠፋኝ ብሎ ፍለጋ ይነሳል።

አኩራፊ ምሳው እራት ይሆናል ይባላል። ውሸት ነው። እኛ ቤት አኩራፊው ምሳውንም ራቱንም በሰዓቱ ይበላል፤ የምግብ ፍላጎቱ የሚዘጋብኝ እኔ ነኝ።

እንግዲህ የአንዲት የጥርስ ሐኪም ሶፋ የመጣው ኩርፊያ ይዞ ነው። ክሊኒኳ ውስጥ ወረፋ ለሚጠብቁ ሰዎች አንድ ረጅም ሶፋና ሁለት ባለአንድ መቀመጫ አዘዘችን፤ አረንጓዴ ጨርቅ መረጠች። ባሌ የረጅሙን ልክ ሲነግራት እኔ ከማሽኔ ሆኜ «ኧረ ተሳስተሃል፣ እንደገና ለካው» አልኩት። ተሳስቶም ነበር። «እሺ» አለ። መጣ እንግዲህ፣ አልኩ በልቤ።

ከቀናት በኋላ ሐኪሟ ደውላ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፣ ግራጫ ይሁንልኝ አለች። ስልኩን ያነሳው እሱ ነው። በሰላሙ ጊዜ ቢሆን ከመጋረጃው ማዶ ሆኖ «አንቺ፣ ግራጫ ሆኗል» ይለኝ ነበር። ያን ቀን ግን ልጃችንን ጠራ። ሚጣ ነው የምንላት፤ ገና የወተት ጥርሷን ነቅላ አልጨረሰችም። «ለእናትሽ ጨርቁ ግራጫ ሆኗል በያት» አላትና ወደ ሥራው ተመለሰ። ባለአንዶቹ ቀላል ስለሆኑ ጨርቃቸውን ራሱ ነው የሚቆርጠው። ሁለቱንም ግራጫ አለበሳቸው። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ የረጅሙን አረንጓዴ ልብስ እሰፋለሁ።

ግራጫዎቹን አይቻቸዋለሁ። የሌላ ደንበኛ ይሆናሉ አልኩ። መጠየቅ እችል ነበር፤ ግን እኔም ሰው ነኝ፣ ካልተናገረኝ አልናገረውም ብዬ ምዬ ነበር። እሱም አረንጓዴውን ሲያይ፣ ሐኪሟ ኋላ ላይ ለእኔ ደውላ ረጅሙን ብቻ አረንጓዴ አድርጊው ብላኝ ይሆናል ብሎ አሰበ። እንጨቱን ቆረቆረ፣ ሳብኩ። ቆረቆረ፣ ለቀቅኩ። ጎን ለጎን ቆመን፣ በሰላም፣ አንድ ትልቅ ስህተት ወጥረን መታን። እንዲህ ያለ ሥራ መሥራት የሚችል ሌላ ባልና ሚስት ካለ ተዋውቄው ብሞት ደስ ይለኛል።

ሐኪሟ የጭነት መኪና ይዛ መጣች። በሩ ላይ ቆማ ረጅሙን አየች፣ ባለአንዶቹን አየች፣ እኛን አየች።

«ይሄ የማን ነው?»

«የእርስዎ ነዋ» አልናት እኩል። ከስንት ቀን በኋላ ባንድ ላይ ያወጣነው ቃል እሱ ነበር።

«እኔ እኮ ግራጫ ነው ያልኩት። ደውዬ ተናግሬያለሁ።»

ወደ እሱ ዞርኩ። «ደውላ ነበር?»

«ለሚጣ ነግሬያታለሁ» አለ።

ሐኪሟ ልትቆጣ ጀምራ ፊታችንን ስታየው ሳቋ መጣ። «እኔ ጋ የሚመጣ ሰው ቢያንስ አፉን ይከፍታል» አለች። ባለአንዶቹን አስጫነችና ለረጅሙ ሌላ ሳምንት ታገሰችን። ደግ ሴት ናት፤ ምነው ጥርሴን ባመመኝና እሷ ጋ በሄድኩ እስከማለት ደርሻለሁ።

ሚጣን ከጓሮ ጠራኋት።

«አባትሽ ጨርቁ ግራጫ ሆኗል ብለሽ ንገሪያት ብሎሽ ነበር?»

«ብሎኛል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

የጫማዋን ጫፍ ማየት ጀመረች።

«ሚጣ፣ እያናገርኩሽ ነው እኮ።»

«እሺ» አለች።

«እሺ» የሚለውን ቃል በየቀኑ ከሰው ሁሉ እሰማለሁ፤ ይህችኛዋን ግን ከአንድ አፍ ብቻ ነው የማውቃት። ድምፁ ዝቅ፣ መጨረሻው ቁርጥ። ከዚያ ሄዳ መስኮቱ ሥር ጀርባዋን ሰጥታን ተቀመጠችና እጆቿን ከጭኖቿ ሥር አስገባች። ባሌ ሲያኮርፍ አቀማመጡ ልክ እንደዚያ ነው። ዘር ከልጓም ይስባል ሲባል እስቅ ነበር፤ ያን ዕለት ሳቄ አልመጣም። ፈራሁ። አድጋ፣ በሆነ ነገር ተቀይማን፣ ያቺኑ «እሺ» ብላ ከዚህ ቤት ስትወጣና ሳትመለስ ስትቀር በዓይኔ መጣ።

እሱም አይቷታል። ፊቱ አመድ መሰለ። መዶሻውን አስቀምጦ ወደ ውጭ ወጣ። ይኸው፣ አሁን ደግሞ ሦስት ሆነን ልንኮራረፍ ነው ብዬ ስንጨረጨር ተመልሶ ገባ። ጉጠቱን አነሳ፣ ረጅሙ ሶፋ ፊት ተንበረከከ፣ የመታውን ምስማር እየሳበ መንቀል ጀመረ። እኔም ሌላ ጉጠት ይዤ አጠገቡ ተንበረከክሁ። ሚጣ ቀስ ብላ ወደ ጓሮዋ ተመለሰች።

ብዙ ከነቀልን በኋላ ነው የተናገረው፤ ያውም ለሶፋው።

«ምን አድርጌያት ነው?»

«በርጩማው ነው» አልኩት።

«የቱ በርጩማ?»

ረስቶታል። ሐኪሟ ከመደወሏ ጥቂት ቀን በፊት ሚጣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ሰፍታ አንድ አሮጌ በርጩማ ለብቻዋ አልብሳ ነበር፤ አባዬ ሲደክመው ይቀመጥበት ብላ። ጨርቁ ወደ አንድ ጎን ዞሯል፤ የምስማሩ ረድፍም የገዛ መንገዱን ነው የሚሄደው። እሱ አየውና «ጎበዝ» አላት። ከዚያ እዚያው እያየችው ገፎ፣ በልኩ ወጥሮ፣ መልሶ አለበሰው።

«ጠማማ ነበር እኮ» አለኝ። «አስተካከልኩላት።»

«አስተካክልልኝ አለችህ?»

እጁ ቆመ። «ያኔ ምን አለች?»

«እሺ አለች።»

«አልሰማኋትም» አለ።

አንተ ምን ትሰማለህ ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ነከስኩት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ የእኔ ወለምታ ደግሞ ታሽቶ የሚያልቅ አይደለም።

ያኔ ነው ስለ አባቱ የነገረኝ። ሽማግሌው ሲታመሙ እሱ ይሄድ ነበር ለካ። ሥራ ሲጨርስ ሄዶ አልጋቸው አጠገብ ይቀመጣል፤ እሳቸው ወደ ግድግዳው ዞረው ይተኛሉ። እሱ ይጠብቃል፣ እሳቸውም ይጠብቃሉ። ትራሳቸውን ያስተካክላል፣ ውሃ ያጠጣቸዋል፣ ይሄዳል። በነገታውም እንዲሁ። አንድ ቃል የለም።

«እኔ ልጅ ነኝ፣ አባት እሱ ነው፣ እሱ ይጀምር ብዬ ነበር» አለ። «ዛሬ ይጀምራል፣ ዛሬ ይጀምራል እያልኩ ነው የምመላለሰው።» ጉጠቱን መሬት ላይ አስቀመጠ። «አሁን አባቱ እኔ ነኝ።»

አለቀሰ። ከተጋባን ጀምሮ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር። አቅፌው ቁጭ አልኩ፤ አረንጓዴው ጨርቅ ግማሹ ተነቅሎ ጭናችን ላይ ተንጠልጥሏል። ያን ቀን ከወትሮዬ ውጪ ምንም አልተናገርኩም፤ እሱም ራሱ ተአምር ነው።

በዚያው ተለወጠ ብላችሁ ግን እንዳታስቡ። ሰው እንደ ሶፋ በአንድ ሳምንት ተገፎ አይለብስም። ያደረግነው ደንብ ማውጣት ነው። ሲከፋው ምክንያቱን እዚያው መናገር ግዴታው አይደለም፤ ብቻ «ከፋኝ» ይበል። እኔ ደግሞ «ለምን? ምን አደረግኩህ? መቼ?» እያልኩ አልከመርበትም፤ ሲዘጋጅ ይናገራል። የመጀመሪያው ለእሱ ከበደው፣ ሁለተኛው ለእኔ። የማን እንደባሰ አሁንም እንከራከራለን።

መጀመሪያ ሰሞን አባባሉ አውቶቡስ ውስጥ ፌርማታ የሚጠራ ሰው ይመስል ነበር። «ከፋኝ» ይላል፤ ፊቱ ላይ ምንም የለም፣ መዶሻውም አይቆምም። አንድ ጊዜ ስፖንጅ የሚያመጣልን ነጋዴ ከቀጠሮው ዘግይቶ ቢመጣ «ከፋኝ» አለው። ሰውዬው ደንግጦ እኔን ወደ ጎን ሳብ አድርጎ «ኧረ ምነው፣ ሰው ሞቶባችኋል እንዴ?» አለኝ። ለነጋዴ ደንቡ አይሠራም ብዬ ለባሌ ማስረዳት ነበረብኝ።

ሌላ ቀን ደግሞ ጠዋት «ከፋኝ» አለኝ። ደንብ ነውና ከንፈሬን ነክሼ ጠበቅኩ። ስሰፋ ጠበቅኩ፣ ስተኩስ ጠበቅኩ፣ የመጠየቅ አምሮቴ ሊገድለኝ ደረሰ። ከምሳ በኋላ መጋረጃውን ገልጦ ገባና፣

«ደንበኛ ፊት ስታርሚኝ አባቴ ፊት የቆምኩ ይመስለኛል» አለኝ።

«ይህን ለማለት ይህን ሁሉ ዓመት ጠበቅክ?»

«አልጠበቅኩም። አሁን ገና ነው ያወቅኩት።»

ለካ ሰው የገዛ ሆዱን ነገር ሳያውቀው ይዞት ይዞራል። ሆድ ይፍጀው እያለ ሲኖር ሆዱም ምን እንደፈጀ ይጠፋዋል። ከዚያ ወዲህ ስህተቱን የምነግረው ደንበኛው ከወጣ በኋላ ነው። ሁልጊዜ አይሳካልኝም፤ አንዳንዴ ደንበኛው በሩን ሳይዘጋ ያመልጠኛል። ረጅሙን ሶፋም ግራጫ አልብሰን በቀጠሮው አስረከብን። ስንወጥረው በአፉ «ሳቢ» ሲለኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ ለሰው ቢነግሩት አይገባውም።

ሚጣ ግን አልተበገረችም። ከእኔ ጋር ታወራለች፣ ትስቃለች፣ ትዘፍናለች፤ እሱ ሲገባ ጥርቅም። ቸኮሌት ገዛላት። ባለቀለም እርሳስ ገዛላት። «አመሰግናለሁ» አለችው፣ ሱቅ የገባች ደንበኛ ይመስል። ትምህርት ቤት ሲያደርሳት እጇን ትሰጠዋለች፣ ቃሏን ግን ይዛ ትሄዳለች። እሱ በየቀኑ ከስቶ ከስቶ ታየኝ። አንድ ጠዋት እኔ ክፍል መጥቶ ሲንከላወስ ቆየና፣

«እስቲ፣ አባትሽ ይቅርታ ብሎሻል በያት» አለኝ።

መቀሴን አስቀመጥኩ። «እኔ እናትህ አይደለሁም። ፖስታ ቤት ከፈለግክ ከመንገዱ ማዶ አለ።»

አባባሌ ከረር ሳይል አልቀረም፤ ግን ገባው። ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ቀኑን ሙሉ የመዶሻ ድምፅ አልሰማሁም።

ቅዳሜ ከሰዓት ሚጣ የእኔ የመቁረጫ ጠረጴዛ ላይ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። እኔ ኩሽና ሾርባ ጥጄ በክፍቱ በር አያታለሁ። እሱ ገባ። እጁን ታጥቦ፣ የሥራ ካፖርቱን አውልቆ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። ወንበር ስቦ ከፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«ሚጣ፣ ላናግርሽ ነው የመጣሁት።»

እርሳሷን አላቆመችም።

«በርጩማውን መግፈፍ አልነበረብኝም። ለእኔ ብለሽ የሠራሽው ነው። ሳልጠይቅሽ ነካሁት። አጥፍቻለሁ።»

«እሺ» አለች።

ያችው ናት። በሌላ ጊዜ ቢሆን እሱም «እሺ» ብሎ ይነሳ ነበር፤ ነገሩም እዚያው ይደርቅ ነበር። እኔ ማማሰያዬን እንደያዝኩ ልገባ አንድ እግሬን አንስቻለሁ። እሱ ሳያየኝ እጁን ወደ እኔ ዘርግቶ አቆመኝ።

«ያቺን እሺ አውቃታለሁ» አላት። «የእኔ ናት። ውስጧ ብዙ ነገር አለ። እኔም አባቴን እንደሱ ነበር የምለው፣ እሱም እኔን። ማናችንም ሳንጀምር ሞተ። አባቴን እወደው ነበር፤ አልነገርኩትም፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ እኔ ልጀምር ብዬ መጣሁ። አሁን ባትመልሺልኝም ግድ የለም። እዚሁ እቀመጣለሁ።»

ባሌ በአንድ ትንፋሽ ይህን ያህል ቃል ሲያወጣ ሰምቼ አላውቅም፤ የሠርጋችንን ቀን ጨምሮ። ብሎ ሲያበቃም አልተነሳም። ጠረጴዛው ላይ እጆቹን አስቀምጦ ተቀመጠ። ሾርባዬ ገንፍሎ ምድጃው ላይ ሲንጫጫ ሰማሁት፤ ይገንፍል አልኩ። ሚጣ ትንሽ ጻፈች። ከዚያ ላጲስ አንስታ ያልተሳሳተችውን አጠፋች። እንደገና ያንኑ ጻፈች።

«እኔ እንደዚያ ነበር የወደድኩት» አለች፣ ደብተሯን እያየች።

«እንዴት?»

«እንደጠመመ።»

«እ።»

«ደግሞ ጎበዝ ብለኸኝ ነው የገፈፍከው። ጎበዝ ከሆንኩ ለምን ገፈፍከው?»

አሰበ። «መጠየቅ ነበረብኝ» አለ። «ልክ ነሽ።»

ቀና ብላ አየችው። ልክ ነሽ ያላት ትልቅ ሰው ብዙም ስላላጋጠማት ይሆናል፣ እርሳሷን አስቀመጠች። ከዚያ የእኔም ልጅ መሆኗን አስመሰከረች። ከበርጩማው ጀምራ ክሷን ደረደረች፤ ትምህርት ቤት መድረክ ላይ ስትዘምር ዘግይቶ ስለመጣበት ቀን፤ ከዚያ ፀጉሯን ተሠርታ በፊቱ ስትመላለስ ሳያያት ስላለፈበት ቀን፤ ከዚያ እኔ ጨርሶ ስለማላስታውሰው አንድ የጠፋ ጓንት። እሱ አንዱንም አልተከራከረም። «እሺ» ብቻ እንዳይል ፈርቼ ነበር፤ አላላትም። «እንዴት ሳላይሽ አለፍኩ?» ይላል፤ «ጓንቱንስ እኔ ነበርኩ የጣልኩት?» ይላል።

«ደግሞ አንተና እማዬ ስትኮራረፉ» አለች፣ ድምፅዋ ቀጠነ፣ «እኔ ያጠፋሁ ይመስለኛል።»

ማማሰያውን አስቀመጥኩ። ይህንን ሁሉ ዓመት ከእሱ ጋር ስንጎሻሸም መሃላችን የቆመው መጋረጃ ብቻ ነው ብዬ ነበር። እሱም ዓይኑ ሞላ።

«አንቺ አላጠፋሽም» አላት። «አንድም ቀን አላጠፋሽም። እኔ ነኝ መናገር የማልችለው። እየተማርኩ ነው።»

«እማዬስ?»

«እሷ ደግሞ ዝም ማለት እየተማረች ነው።»

ሳቀች፣ በአፍንጫዋ ፍንን ብሎ ያመለጣት ዓይነት ሳቅ። ከሳቋ በኋላ ግን ክሱን አላቆመችም፤ ጣቷን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ የሚቀጥለውን ጀመረች። እሱ ከጭንቅላቷ በላይ ወደ እኔ አየ። የፈራ ሰው ፊት ነበር፤ እንዲያ ደስ ብሎት ግን አይቼው አላውቅም። ከዚያ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«ገና አልጨረስኩም» አለችው።

«አውቃለሁ፣ የኔ እናት» አላት። «ወንበሩን ላስጠጋው ብዬ ነው።»